የእናት ጥርስ

የሟች እናቷን ጥርስ ለእሷ ሊያደርጉላት ሲመካከሩ የሰማቻቸው ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ነው። በእሷ ክፍልና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ ሻይ ሲማሰል እንኳ ይሰማል። «ያ የእናታችሁ ጥርስ መሳቢያ ውስጥ አለ አይደል?» አለች የወንድሟ ሚስት። «ምን ሌላ ያሠራታል? ወርቅ አያደርጉላት፤ ያው ፕላስቲክ ነው።» ሴትዮዋ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ የወንድሟን መልስ ጠበቀች። ነውር ነው ይላል ብላ ጠበቀች። የእናቴን ነገር እንዲህ አታንሺ ብሎ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ወንድሟ ሻዩን ፉት አለ፣ ስኒውን አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ በኋላ ነው የተናገረው። «ልክ ይሆናት ይሆን?»

ከሚስትየው ንግግር ይልቅ አንጀቷን ያሳረራት ይህ ጥያቄ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በምላሷ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት የላይ ጥርሶች ነካ ነካ አደረገቻቸው። እንደ ልቅ አዝራር ወዲያና ወዲህ አሉ። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሃያ ሰባቱን በአውቶቡስ መናኸሪያ ማይክ ይዛ ተሳፋሪ ስትጠራ ኖራለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዳቦ የምትበላው በጣቷ እየቆረሰች ነው፤ ፖም ካየች ፊቷን ታዞራለች። ሐኪም ቤት ከሄደች በኋላም ቀጠሮውን ሦስት ጊዜ አሸጋግራዋለች። በመጨረሻው ቀን ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰው ይዛ እንድትመጣ፣ ያለ አጃቢ እንደማይነኳት በግልጽ ነግረዋታል።

ሳሎን ገባች። የወንድሟ ሚስት ብድግ ብላ «እትዬ፣ ለስለስ ያለ ነገር ላቅርብልዎ?» አለቻት። ይህች ሴት እዚህ ቤት በገባችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት «አንቺ» ነበር የምትላት። አንድ ጊዜ በቁም ሳጥን ቁልፍ ምክንያት ተጣልተው ሰው አስታረቃቸው፤ ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ማለት ጀመረች። ጎረቤቱ ሁሉ ምን ያለች ሰው አክባሪ ናት ይላል። እቤት ውስጥ ግን ያ «እርስዎ» የተዘጋ በር ማለት ነበር። ሴትዮዋ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች በላች። ወንድሟ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ የሥራ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ የጎደለ ነገር የሚፈልግ ይመስል ይበረብራል።

«ዛሬ ከሰዓት ሰው ይዘሽ ነይ ብለውኛል» አለችው። «ግፊቴ ስላለ።»

«ዛሬ?» አለ ዓይኑን ከቦርሳው ሳያነሣ። «ዛሬ እኮ እትዬ፣ ንባብ የምናስረክብበት ቀን ነው። ነገ ቢሆን ኖሮ…»

«ለጥርስም አጃቢ!» አለች ሚስቱ፣ ሳቅ ለማስመሰል እየሞከረች።

ከዚያ ወንድሟ ከቦርሳው ሥር በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀመጠው። አስቀድሞ ከመሳቢያው አውጥቶት ኖሯል። «እንዲያው ሐኪሞቹን ብታሳዪአቸው ብዬ ነው» አለ። «በፈላ ውኃ ከታጠበ ምን አለው?» መሀረቡን ፈታችው። ሮዝ ላንቃ፣ አራት ጥርስ፣ ግራና ቀኝ የሽቦ መንጠቆ። እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ ሄዳ ጥርሱን ያስተከለቻት ራሷ ነበረች፤ ሲቆሽሽ የምታጥበው፣ እናትየው በመጨረሻ አልጋ ይዘው ሲተኙ ከአፋቸው እያወጣች ብርጭቆ ውስጥ የምትከተውም እሷ ነበረች። ወንድሟ ያኔ ብርጭቆውን እንዳያይ ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን በገዛ እጁ ይዞት መጣ። መልሳ ጠቀለለችውና የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጥርሷን ነክሳ ልትወጣ ፈልጋ ነበር፤ እሱንም እንኳ አልቻለችም።

መናኸሪያው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። «ማይኳ» ነው የሚሏት። የምትሠራበት ክፍል ከትኬት መስኮቶቹ በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ ሦስት ሰው ቢገባበት አየር የሚያጥረው የመስታወት ሣጥን ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የመነሻ ሰዓት የተጻፈበት ሰሌዳና አንገቱ የሚጠማዘዝ ማይክ አለ። ከላይ ሆና ሁሉንም ታያለች፦ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ የሚያንቀላፋውን፣ ሎሚ የሚያዞረውን፣ ሚስቱን አሳፍሮ መስኮቱን በጣቱ የሚያንኳኳውን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማይኩን ከፈተች። «የመስመር ሰባት ተሳፋሪዎች፣ አውቶቡሳችሁ በስድስተኛው ማቆሚያ…» ስትል አንደኛው ጥርስ ተንጋደደና «ስድስተኛ» የሚለው ቃል በክፍተቱ በኩል እያፏጨ ወጣ። ድምፅ ማጉያው ደግሞ አያዝንም፤ ፉጨቱን ይዞ ግቢውን ሁሉ ዞረ። ከታች ጭነት የሚጭኑት ጎረምሶች ቀና ብለው አዩዋት። «ጎማው ተነፈሰ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሌላው «ፍስስስ» እያለ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሻንጣ ላይ ያንቀላፋው ሰውዬ ሳይቀር ነቅቶ ሳቀ።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ ‹ስ› ያለበትን ቃል እየሸሸች ጠራች። ስድስተኛውን «ከአራተኛው በኋላ ሁለተኛው» አለችው፤ ተሳፋሪዎችን «መንገደኞች» አለቻቸው። «መስመር»ንና ሰባትን ግን ምን ታድርጋቸው? በመጨረሻ የስምሪት ኃላፊው የብረት ደረጃውን እያንኳኳ ወጣ። ወፍራም፣ ላቡን የሚጠርግበት ፎጣ ከትከሻው የማይለየው ሰው ነው። ቆሞ ሰሌዳውን አየ፣ ማይኩን አየ፣ እሷን ግን አላየም።

«የጥርስሽ ነገር ስንት ጊዜ ይፈጃል ነው የሚሉት?»

«ከተነቀለ በኋላ ድዱ እስኪድን ሦስት ወር። ከዚያ ጥርሱ ይሠራል።»

«ሦስት ወር ሙሉ ፉጨት አላሰማም እኔ። ከነገ ጀምሮ ዕቃ ማስቀመጫ ትገቢያለሽ። ማይኩን ሦስት ቁጥር ትይዘዋለች።»

«ከሦስት ወሩ በኋላስ?»

ኃላፊው ፎጣውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «እሱን ያኔ እናያለን» አለና ወረደ። ያኔ እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው አይጠፋውም።

ሦስት ቁጥር የሚሏት በሦስተኛው የትኬት መስኮት የምትቀመጠውን ሴት ነው። ዕድሜዋ በአርባ አፋፍ ላይ ነው፤ ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ትኬት ስትቆርጥ እንኳ ትእዛዝ የምትሰጥ የምትመስል። ከአራት ዓመት በፊት ማይኳ ታማ ስትቀር አንድ ቀን ተክታት ነበር፤ ማይኳ በማግስቱ መጥታ በሰው ፊት «መስመር ሁለትን ዘጠኝ ብለሽ ስንቱን ሰው አሳሳትሽ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ቁጥር ጥርስ ነከሰችባት። ሰላምታ አይለዋወጡም። ሰው ሲቀንስ ሦስት ቁጥር መስኮቷ ውስጥ ሆና የመነሻ ሰዓቶችን በለሆሳስ ስትጠራ ማይኳ ከላይ ከንፈሯን እያየች ታውቅባታለች። ስድስት ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ማይኩን ዘግታ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ እንደ ተሳፋሪ ወረፋ ይዛ ሦስተኛው መስኮት ደረሰች።

«ወዴት ነው?» አለች ሦስት ቁጥር ቀና ሳትል፤ ቀና ስትል ደግሞ ፊቷ ተቀያየረ።

«ዛሬ ከሰዓት ጥርሴን ልነቀል ነው። ሰው ይዘሽ ነይ ብለውኛል።»

«እና?»

«ሰው የለኝም።»

«ወንድም አለሽ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«አለኝ።»

ሦስት ቁጥር እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «እሺ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን ለምን?»

«ጥርሴ ካልተነቀለ ማይኩን አታገኚውማ።»

በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ቁጥር ፊት ለፊቷ ስትስቅ አየቻት። መስኮቱን ዘጋች፣ «ለአጭር ጊዜ ተዘግቷል» የሚለውን ካርቶን አቆመች። «እሄዳለሁ» አለች። «ግን ከአሁኑ እወቂው፤ አንዴ ከያዝኩት አልለቅም።»

«እኔም አልተውልሽም።»

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ባዶ ወንበር እያለ ተለያይተው ተቀመጡ። ሲወርዱም አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው ሄዱ። የሐኪም ቤቱ የጥርስ ክፍል ከምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ ሰማያዊ፣ ከዚያ በላይ አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ። አግዳሚው ላይ ሰው ሁሉ ጉንጩን ይዞ አንድ ነገር የሚያስብ መስሎ ተቀምጧል። የሕክምና ክፍያ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር አነበበች፦ መንቀል፣ ማጽዳት፣ መሙላት፣ በመጨረሻም «ከፊል ተነቃይ ጥርስ»። ዋጋው የሁለት ወር ደሞዟ ነው። ጸሐፊዋ ቅጽ ሰጠቻቸውና ሦስት ቁጥር ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሙላት ጀመረች።

«የአጃቢ ዝምድና ይላል። ምን ልጻፍ?»

«ባላንጣ ብለሽ ጻፊ።»

«ቦታው አይበቃም» አለችና «የሥራ ባልደረባ» ብላ ጻፈች።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ መነጽሯ እየተንሸራተተ ያስቸግራታል። የራጅ ፊልሙን መብራት ላይ ሰካችና በእስክሪብቶ እያመለከተች አስረዳቻት። «እነዚህ መሐል ያሉት ሁለቱ አይተርፉም። አጥንቱ ለቋቸዋል፤ አሁን የያዛቸው ድዱ ብቻ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ግን ድዱን ካከምነው ሊቆዩልዎት ይችላሉ። ይቆያሉ ብዬ ግን አልምልልዎትም።»

«ባላስነቅላቸውስ?»

«ራሳቸው ይወድቃሉ። እስኪወድቁ ግን ኢንፌክሽኑ ጎረቤቶቻቸውን ይበላል። ዛሬ ስለ ሁለት ነው የምናወራው፤ ከዓመት በኋላ ቢመጡ ስለ አራት እናወራለን።»

ቋሚ ድልድይ ይሠራልኝ ይሆን ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፤ ድልድዩን የሚሸከሙት የጎን ጥርሶች ራሳቸው ድጋፍ የሚፈልጉ ናቸው። የሚያዋጣት የሚወልቀው ነው። ወዲያውኑ የሚደረግ ጊዜያዊም አለ፤ ነገር ግን ድዱ እየከሳ ሲሄድ ጥርሱ ስለሚላላ ሁለት ጊዜ ማሠራት ይመጣል። መጀመሪያ ላይ አፏ ውስጥ የሰው ዕቃ የገባ እንደሚመስላት፣ ምራቅ እንደሚበዛባት፣ ‹ሰ›ና ‹ፈ› እንደሚያስቸግሯት ነገረቻት። ሴትዮዋ ስታዳምጥ ቆይታ ቦርሳዋን ከፈተችና መሀረቡን አወጣች። ልታሳያት አስባ አልነበረም፤ እጇ ነው ቀድሟት የሄደው።

ሐኪሟ ጓንት ባደረገ እጇ ተቀብላ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። «የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«እሳቸውስ?»

«ሦስት ዓመት ሆናቸው ካረፉ።»

ሐኪሟ ጥርሱን አየች፣ ሴትዮዋን አየች። «ይህን አድርጊው ያለዎት ሰው አለ?» ሴትዮዋ ባዶውን መሀረብ ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። በሩ ላይ የቆመችው ሦስት ቁጥር ግን ሰምታለች፤ የወሬ ሰው ሆና ሳለ ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች። «አይሆንም» አለች ሐኪሟ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «በሌላ ሰው ላንቃ ልክ የተሠራ ነው። በግድ ቢያስገቡት እንኳ መንጠቆው ጤነኞቹን ጥርሶች እየጎተተ ይነቅልዎታል። እዚሁ ልጣልልዎት?»

«አይጣልም» አለች ሴትዮዋ። «ያስተከልኳት እኔ ነኝ።» ተቀብላ፣ እንደ ነበረ ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ከዚያም ወንበሩ ላይ ተደግፋ «ንቀይልኝ» አለች።

ግፊቷ ተለካ፤ ደህና ነው ተባለ። መርፌው ላንቃዋ ውስጥ ሲገባ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የላይ ከንፈሯ የራሷ መሆኑ ቀረ። ሕመም አልነበረም፤ ድምፁ ነው የባሰው። እርጥብ እንጨት ከመሬት ሲነቀል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ከጆሮዋ ውጭ ሳይሆን ከራስ ቅሏ ውስጥ ሰማች። የመጀመሪያው ያለ ብዙ ትግል ወጣ። ሁለተኛው ሳህኑ ላይ ቀጭ ብሎ ሲወድቅ ከበሩ በኩል ዱብ የሚል ነገር ተሰማ። ሦስት ቁጥር ናት፤ ደሙን አይታ ግድግዳውን ተደግፋ ስትንሸራተት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። ነርሷ የታማሚዋን ትታ የአጃቢዋን ግፊት ለካች፤ ስኳር ውኃ አጠጣቻት። ሴትዮዋ በፋሻ የተሞላ አፏን ይዛ ተነሥታ በገዛ እጇ የሦስት ቁጥርን ቦርሳ ከወለሉ አነሣችላት። «ለማንም ብትናገሪ…» አለቻት ሦስት ቁጥር ከንፈሯ ነጭ ሆኖ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እቤት ደረሱ። እስከ በሯ ታድርሳት ብላ ሐኪሟ ስላዘዘች ሦስት ቁጥር ተከትላት ገባች። ወንድሟ ከሥራ ተመልሶ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ጠረጴዛውን በጨርቅ ትጠርጋለች። እንግዳ ስታይ ፊቷን አሳምራ ወንበር ሳበች። ሴትዮዋ ፋሻውን እንደነከሰች ቆመች፤ ለአንድ ሰዓት እንዳትናገር ተነግሯታል።

«እንዴት ሆኑልን እትዬ? ጥርሱን አሳዩአቸው?»

«አሳየቻቸው» አለች ሦስት ቁጥር በእሷ ፋንታ። «ለሌላ ሰው አፍ የተሠራ ነው፣ አይሆንም ብለዋል።»

«እንዲያው እንሞክር ብለን ነው እንጂ!» አለች ሚስትየው። ወንድምየው ካልሲውን ማስተካከል ያዘ። «ለነገሩ ከእንግዲህ ማረፍ አለባቸው። ዕድሜ ልክ መጮህ ምንድን ነው? ያለ ጥርስ ማይክ አይሰጧትም፣ ሥራውን መተዋ ነው ብሎ እሱም ነግሮኛል። እኔም ዛሬ እሳቸው እንደ ወጡ ሠራተኛዋን አሰናበትኳት። እትዬ ቤት እየዋሉ ለሰው ደሞዝ መክፈል ምን ይባላል? ማድ ቤቱንም ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም።»

ነገሩን የተናገረችው እንደ መልካም ዜና ነበር። ሦስት ቁጥር ከሚስትየው ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ሥራ ለቀሻል እንዴ? ለእኔ አልነገርሽኝም።»

ሴትዮዋ ወንድሟን አየችው። እሱ ካልሲውን ነው የሚያየው። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ደም የጠጣውን ፋሻ አወጣችና አሁን በተጠረገው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሚስትየው ወደ ኋላ ሸሸች። «ሥራዬን አልተውኩም» አለች ሴትዮዋ። ከንፈሯ ደንዝዟል፤ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ እያንዳንዱን ‹ስ› ነፋስ አድርጎ ያወጣዋል፤ ቢሆንም ቃሉን አልመረጠችም፣ ድምፅዋንም አልቀነሰችም። «ነገ በሰዓቱ እገባለሁ። ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ እገባለሁ። ሠራተኛሽን ፈልገሽ መልሺ። ጥርሴንም በራሴ ደሞዝ አሠራለሁ። ሦስት ወር ነው፤ ሲያልቅ ማይኬ ላይ እመለሳለሁ።»

«እሱን እንኳ እናያለን» አለች ሦስት ቁጥር።

ሚስትየው ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ታዲያ እኔን ምን አድርጊ ነው የምትይኝ? አንቺን ብዬ ሰው አባርሬ…» አለች፤ ከስንት ዓመት በኋላ «እርስዎ» ከአፏ ወድቆ ነበር፣ እሷ ራሷም ሰምታዋለች። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወደ ጓዳ ገባች።

ሴትዮዋ ሦስት ቁጥርን እስከ ውጭው በር ሸኘቻት። «ነገ ከዕቃ ማስቀመጫው ሆነሽ ትሰሚኛለሽ» አለች ሦስት ቁጥር፣ ሻርፗን እያጠበቀች። «እሰማሻለሁ። መስመር ሁለትን ሁለት በይው ብቻ።» ሦስት ቁጥር ዓይኗን አጉረጠረጠችባት፤ አመሰግናለሁ የሚል ቃል በሁለቱም አልተነገረም። መንገዱን ተሻግራ ሄደች፤ ዞራም አላየች።

ስትመለስ ወንድሟ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። በካልሲ ብቻ ስለነበር አጠር ብሎ ታያት። ጠረጴዛው ላይ የተወችውን ፋሻ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞታል፤ የት እንደሚጥለው ያላወቀ ይመስላል። ከጓዳ ድስት ሲጋጭ ይሰማል። «እትዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሠራተኛዋን እኮ እኔ አይደለሁም ያሰናበትኳት። ሐኪም ቤቱም ቢሆን… ጥርሱንም ቢሆን ሐሳቡ የእኔ አልነበረም።»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችው። ማደንዘዣው መልቀቅ ጀምሯል፤ ከድዷ ተነሥቶ እስከ ዓይኗ ሥር የሚደርስ ሕመም ቀስ እያለ እየመጣ ነው።

«አውቃለሁ» አለችው። «አንተ መቼ ምን አድርገህ ታውቃለህ?»

ወንድሟ በወረቀት የጠቀለለውን ፋሻ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አልፋው ገባችና በሩን ዘጋችው።